ደፉ ላይ የቀረው በርጩማ

ላፕቶፑን እንድጠግነው ያመጡልኝ እትዬ ሐመልማል ናቸው፤ ጎጃም በረንዳ ማር ይሸጡ የነበሩት የጋሼ ምንይሉ ባለቤት።

«ይተኛና ስቀሰቅሰው ድርቅ ይላል» አሉኝ።

እውነትም ስክሪኑ ላይ የሱቁ ካሜራ ምስል ደርቆ ቆሟል። የማር ባልዲዎች ይታያሉ፤ ደፉ ላይ በርጩማ ተጋድሟል። እዚህ ሰፈር ነጋዴ ለአፍታ ሲወጣ እንዲያ ያደርጋል፤ «መጣሁ፣ አትግቡ» ማለት ነው። ሲመለስ የሚያነሳው ራሱ ነው። ጋሼ ምንይሉ ግን አጋድመውት እንደወጡ መንገድ ላይ ወድቀው ቀሩ።

«እኔም አልነካሁትም» አሉ እትዬ። «እንዳለ ቆለፍኩበት። እጄ እምቢ አለኝ።»

«ይሄ የዚያን ቀን ምስል ነው» አልኳቸው እንደ አዋቂ። «ማሽኑ ሲተኛ ያየውን ያስቀምጥና ሲነሳ ያንኑ ያሳያል። ከዚያ ማለፍ ነው ያቃተው።»

ስክሪኑን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አደስኩና አስተኝቼ ቀሰቀስኩት። አልደረቀም። የዛሬው ቀን መጣ፤ ካሜራውም በኢንተርኔት ከሱቁ ጋር ተገናኘ። ምስሉ ጥግ ላይ ሰከንዱ ይቆጥራል። መዝጊያው እንደተቆለፈ ነው፤ ደፉ ባዶ ነው።

«እትዬ፣ በርጩማውን አስነሱት እንዴ?»

ከጥቁር ነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የሱቁን ቁልፍ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ሌላ ቁልፍ የለውም» አሉ።

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ከባንኮኒው ኋላ፣ ጋሼ ምንይሉ ይቀመጡበት የነበረውን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። በርጩማው እዚያ ነው።

ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«መጣህ?» አሉ ቀስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከበርጩማው ሳይነቅሉ።