ማርስ ላይ ሽማግሌ የለም

ይህ ታሪክ የውሸት ጠብታ ካለበት ግመሌ ትሙት! ግመል የለኝም፤ ቢኖረኝም ግን አልሳሳም፤ ታሪኩ እውነት ነዋ።

ዳሎል ሜዳ ላይ አምስት ተመራማሪዎች የጠፈር ልብስ ለብሰው «ማርስ ላይ ነን» እያሉ ይለማመዱ ነበር። የራስ ቁሩን ያወለቀ ወይም መንገደኛ ያናገረ እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ የሁሉም ልፋት ገደል ይገባል። ስልክም ክልክል ነው። ከመሃላቸው አንዱ የአፋር ልጅ ነበር። ሚስቱን ቀኗ ደርሶ ትቷት ስለመጣ ሐሳብ ሲበላው ይውላል።

አንድ ጠዋት ከከተማ በኩል አንድ ሽማግሌ መጡና ፊታቸው ቆሙ። በአፋር ወግ መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ዳጉ ያደርጋሉ፤ ያዩትን የሰሙትን ይነጋገራሉ። ሰላምታ ላልመለሰ ግን ወሬ አይነገርም።

«ደህና ናችሁ? ምን አያችሁ? ምን ሰማችሁ?» አሉ በአፋርኛ።

ልጁ አፉን ሊከፍት ሲል የቡድኑ አዛዧ ድምፅ በራስ ቁሩ ሬዲዮ ጆሮው ውስጥ ጮኸ። «ዋ! ማርስ ላይ ሽማግሌ የለም!»

«ሰው ናችሁ ወይስ ጂን?» አሉና ሽማግሌው ምራቃቸውን ተፍተው መንገድ ጀመሩ።

ይሄኔ ልጁ የራስ ቁሩን አውልቆ ወረወረና «አባ፣ ይቆዩኝ!» እያለ ሮጠ።

«አንተን ፍለጋ እኮ ነው የምንከራተተው!» አሉ ሽማግሌው ፊቱን ሲያዩ። «ሚስትህ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። ያንተ ደም ይሆናታል ተብሏል፤ ፍጠን!»

በመኪና በረረ፤ ደረሰ፤ ደሙን ሰጠ፤ ተረፈች።

ሁሉም እውነት ነው። ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራስ ቁሩን አወለቀ ያልኩትን። ልጁ አላወለቀም።