የውበቱ ትከሻ

ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ድረስ ይባላል፤ የትያትር ቤት አሠልጣኝ ነው። ሥራው ለሰማው ያስቃል፤ አገር ላገር እየዞረ የጭፈራ ስም ይለቅማል። ነገሩ ግን ቸግሮት ነው። ተወዛዋዦቹ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተውጣጡ ስለሆኑ «ትከሻ!» ሲላቸው አንዱ ይሰብቃል፣ ሌላው ያንቀጠቅጣል፣ ሦስተኛው ቆሞ ያያል። ይህን ለማስታረቅ ነው በጥር አቧራ ጎጃም የገባው።

ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ሠርግ ላይ ተጋበዘ። ዳሱ መሐል ቆሞ እያሳየ ይጠይቅ ጀመር።

«ይህን ምን ትሉታላችሁ?»

«እስክስታ ነዋ! ምን ልንለው ኖሯል?»

«ይህንስ?»

«እሱ የሴት አንገት ነው። ተው፣ አያምርብህም!»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ድረስም አብሮ ስቆ ሌላ አሳየ። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ መቋሚያ እንደያዘ ደብተራ በዝግታ ወደ ቀኝ፣ በዝግታ ወደ ግራ ዘመመ፤ ከዚያ ድንገት በጉልበቱ ወርዶ ትከሻውን ለቀቀው።

ሳቁ ቆመ። ከሴቶቹ መሐል ታየች የምትባል ሴት ብድግ ብላ «ልጄን! ውበቱን!» እያለች ጮኸች።

ውበቱ የታየችና የባሏ፣ የመሪጌታ ያለው፣ አንድያ ልጅ ነበር። አባቱ የማኅሌቱን አቋቋም፣ ዝማሜውንም የጭብጨባውን ጽፋትም፣ ገና በልጅነቱ አስጠንቶታል። ልጁ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ዝማሜ ሠርግ ቤት ወስዶ ከእስክስታ ጋር አጋባው። ጉድ ተባለ! ካህናቱ አዘኑ፣ ጎረምሶቹ አበዱለት፣ አባትየው ሰው ፊት መቆም አፈረ። አንድ ዓመት ታየች ፍልሰታን መርጡለ ማርያም ጾማ ስትመለስ ልጇ የለም።

«አዝማሪ እሆናለሁ ብሎ ወደ ሸዋ ተነሣ፤ አባይ ሞልቶ ወሰደው» አላት ባሏ።

በልብሱ ተለቀሰ። ከዚያ ወዲህ መሪጌታ ያለው ማኅሌት ቆሞ አያውቅም፤ ከቅጽሩ ውጭ ሆኖ ያስቀድሳል። ቢለምኑት ቢለምኑት እምቢ አለ። ሐዘን ነው የሰበረው ይላሉ።

ታየች እንግዳውን ይዛው ቤቷ ገባች።

«ከማን ተማርከው፣ የኔ ልጅ?»

«የዓለምዘርፍ ከምትባል ተጫዋች። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ አሁን አዲስ አበባ ነው ያለችው። እሷም ካንድ የመሪጌታ ልጅ አየሁት ብላኛለች።»

«አይታዋለች! ተሻግሯል! ወይኔ ልጄ፣ አልሰጠመም!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትዮዋ ሌላ ሰው ሆነች። ጠዋት ጠዋት ድረስን ጓሮ፣ ከጌሾው አጠገብ አቁማ «እስቲ ድገምልኝ» ትለዋለች። ሲዘም ታለቅሳለች፤ ሲወርድ እልል ትላለች። የሞተ የተባለ ሰው ትከሻ በሌላ ሰው ገላ ላይ ሲንቀጠቀጥ ማየት ያስፈራል፤ ጎረቤቶቹ እያማተቡ ያልፉ ነበር። መሪጌታ ያለው አንድ ቀን ከቤት ወጥቶ አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

«እዚያ ላይ አትርገጥ!» ብሎ ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጌሾው ይጎዳል።»

በማግስቱ ድረስን ለብቻው ጠራው።

«ልጄ፣ በማርያም፣ ዋሽቻለሁ በላት። ከሌላ ነው የተማርሁት በላት።»

«ልጅዎ ቢገኝ አይወዱም፣ መሪጌታ?»

ሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ። ድረስም ነገሩ ገባኝ አለ። አባትየው ልጁ አዝማሪ ሆኖ ተመልሶ እንዳያሳፍረው ፈርቷል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው የያዘው። ከዚያ ወዲያ ድረስ ከእሱ ጋር ማዕድ መቅረብ እንኳ ቀፈፈው።

ታየች አዲስ አበባ ልትሄድ ስንቅ ማዘጋጀት ጀመረች።

«የሞተን አትቀስቅሺ፣ ታየች» አላት ባሏ።

«የሞተው ለእርስዎ ነው! ለእኔ ልጄ አለ። የዓለምዘርፍን እግሯ ሥር ወድቄ እጠይቃታለሁ።»

ሰው ሁሉ ለእሷ ፈረደ። የነፍስ አባታቸው ሳይቀሩ መጥተው መሪጌታን ገሠጹት።

«ልጅ እኮ ነው፣ መሪጌታ። አዝማሪስ ቢሆን? ይቅር በለው።»

«እሱ ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ አባቴ» አለ መሪጌታ፤ እንባው በጢሙ ወረደ። ቄሱ በትሕትናው ተደስተው ባርከውት ሄዱ።

ከድረስ ጋር መንገድ ሊወጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ታየች ሌላ ነገር አመጣች።

«መቼም ልጄ ሲመጣ ከእርስዎ ጣራ ሥር ገብቶ ቁጣ አይሰማም» አለችው ባሏን። «የራሱ ጎጆ ይቀለስለታል፤ እዚሁ ጓሮ፣ በጌሾው በኩል። ለጎረምሶቹ ነግሬያለሁ፤ ሰኞ መጥተው መሠረቱን ይቆፍራሉ።»

መሪጌታ ያለው መቁጠሪያውን ያዘ፣ ተወው፣ መልሶ ያዘው።

«እሺ፣ ሂጂ» አላት በመጨረሻ። «ጎረምሶቹን ግን አታስቸግሪ። የልጄን መሠረት እኔው እቆፍራለሁ።»

ታየች ደስታዋ ከልክ አለፈ፤ ጉልበቱን አቅፋ ሳመችው። ስንት ዓመት ያስቀየማትን ሁሉ በዚያች ሰዓት ማረችው። ወሬውን የሰማው መንደርተኛም «እግዜር ልቡን አራራው» አለ። ድረስም በልቡ ስላማው ተጸጸተ።

በበቅሎ እስከ መኪናው መንገድ የሸኛት ራሱ መሪጌታ ነው። አውቶቡሱ ሲመጣ ስንቋን አቀበላት።

«አትቸኩዪ» አላት። «ደኅና አድርገሽ ፈልጊው።»

ታየች በመስኮቱ እጇን ታወዛውዝለት ነበር። ከስንት ዘመን በኋላ ጥርሷ ታየ። ድረስ ከጎኗ ተቀምጦ የዓለምዘርፍን የት እንደሚያገኟት ያጫውታታል። አውቶቡሱ አቧራውን አስነሥቶ ወደ አባይ በረሃ አቀና።

መሪጌታ ያለው ቤቱ ተመለሰ፤ ዶማና አዲስ ነጠላ ይዞ ወደ ጓሮ፣ ጌሾው ዘንድ ዞረ፤ ነጠላውን አነጠፈና የውበቱን አጥንት ካፈሩ እያወጣ ይደረድርበት ጀመር።