ሞተሩ እስኪበርድ

የሞተሩ ውሃ ጎድሎ ፒክአፗ መንገድ ዳር ቆማለች። አብዱልሃሚድ ወደ ራዲያተሩ ክዳን እጁን ሲሰድ፣ ሚስቱ ሱሀይላ አንጓውን ለቀም አደረገችው። «ተው! እንደጋለ ከከፈትከው ፊትህን ነው የሚልጥህ።» ከዓመታት የጅዳ ኑሮ በኋላ ገና ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ መውጣቱ ነበር። መኪና መንዳቷን በስልክ ነግራው ሳቅ ብሎ አልፎታል። እሷ ግን ከተማው ከጦርነቱ ፍርስራሽ ሲነሳ፣ በዚህችው ፒክአፕ ለስንቱ ቤት ቆርቆሮ አመላልሳለች።

«ቁልፉን ስጪኝ፤ ከዚህ በኋላ እኔ ልንዳ» አላት፣ አላፊ አግዳሚው ሲያየው አፍሮ። ሱሀይላ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቃ ክዳኑን በጨርቅ ይዛ ቀስ አድርጋ ፈታችው፤ ከዚያ የውሃውን ጀሪካን አስታቀፈችው። «አንተ ጨምር፣ እኔ አያለሁ።»

አብዱልሃሚድ ጥቂት አቅማማ። ኋላ ግን ጎንበስ ብሎ፣ «በቃ» እስክትለው ድረስ አፈሰሰ። እሷ ክዳኑን ገጥማ ገባችና መሪውን ጨበጠች። እሱም ዞሮ በወዲያኛው በር ገባ፣ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አደላደለና ፈገግ አለ።

«በይ እሺ፣ ቢስሚላህ ብለሽ ንጂ።»