ሁለተኛው ባትሪ

ጀማሉ የጄኔሬተሩን ገመድ ጠቅልሎ አንዴ ሲስበው ጋራዡ በጠቅላላ ተንቀጠቀጠ። አፉ ሲንቀሳቀስ አስናቀው ያያል እንጂ የሚለውን አይሰማም። ቢሰማም ያው ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ውሰድ እያለ ነው። አምፖል ያበራልሃል፣ ማራገቢያ ያዞርልሃል፣ ማቀዝቀዣ ቢኖርህማ በዚህ በሰው አገር፣ በገዳሪፍ ሐሩር ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጣህ ትንፈላሰሳለህ። የመኪና ከህረባ፣ የኤሌክትሪክ ነገር ከሆነ በገበያው እንደ ጀማሉ ያለ ኤሌትራውቶ የለም፤ ለዚህ ጠላቱም ይመሰክርለታል።

አስናቀው ራሱን ነቀነቀ። "አይሆነኝም፤ ይጮሃል።"

ጀማሉ እጁን ጆሮው ላይ ደግኖ ጠጋ አለ። ሲደገምለት ሳቀ። "ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ሞተር እኮ ነው። ሊያንሾካሹክልህ ኖሯል?"

አስናቀው የሚነዳት መኪና አልጋና ምድጃ ያላት ኮምቢ ናት። አንድ ኸዋጃ፣ ፈረንጅ ሐኪም ካገሩ ድረስ እየነዳ አምጥቷት፣ ወባ ሲያንገላታው ከርሞ ለስደተኞቹ ካምፕ ትቷት በአውሮፕላን ሄደ። አስናቀው ቀን ቀን ከድንበር በሽተኛ ያመላልስባታል፤ ሲመሽ አልጋዋ ላይ ይተኛል። በዚያ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ካምፑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ እሱ ግን የሚያጫውተው አንድ ሰው የለውም። ቀን ጭኖት የዋለው ሰው ሲመሽ ወይ ሐኪም ቤት ነው፣ ወይ አፈር ውስጥ ነው።

ሲመሽ ታዲያ ቴፕ ይከፍታል። ጠዋት ሞተሩ አልነሳም ይላል፤ ባትሪው አንድ፣ ሥራው ሁለት። ከዚያ መኪናዋን የሚገፋ ሰው መለመን ነው፤ ያውም ራሱን ችሎ መቆም ካቃተው ሰው መካከል። ትናንት አንድ ሽማግሌ እየገፉ ሳሉ ወደቁ። ደግፎ ሲያነሳቸው ክብደት አልነበራቸውም። አፍሮ ነው ዛሬ ወደ ጀማሉ የመጣው።

ጀማሉ ይህን ሁሉ ጭቅጭቅ ያመጣው ቴፕ መሆኑን ሲሰማ ገረመው። ለቴፕማ የባትሪ ድንጋይ ግዛና ተገላገል አለው። አስናቀው ሞክሮታል። ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ ይጎተታል፣ ይወፍራል፣ የታመመ ሰው ድምፅ ይሆናል። ያን መስማት አይችልም።

"ቢጎተትስ? ዘፈን እንደሁ ነገም ይዘፈናል።"

"ዘፈን አይደለም" አለ አስናቀው።

ጀማሉ ፊቱን አየት አደረገና ቀልዱን ተወ። እንግዲያው ከአልጋው ሥር ሌላ ባትሪ እንጨምራለን አለ። መኪናዋ ስትሄድ ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላቸዋል። ዝም ብለን ካገናኘናቸው ግን የተራበው የጠገበውን ይጠጣና ጠዋት ሁለቱም ባዶ ይሆናሉ፤ ስለዚህ መሐላቸው መለያያ አስገባለሁ። ድምፅ የለውም። ግን አቅሙም ትንሽ ነው፤ ማራገቢያና ማቀዝቀዣ እንዳታስብ፣ በሙቀት ትቀቀላለህ። አስናቀው ልቀቀል አለ።

"ኸላስ፣ በቃ፣ እንሞክረዋ" ብሎ ጀማሉ አንድ የተሞላ ባትሪ ከመደርደሪያ አውርዶ የቴፑን ሽቦዎች አገናኘ።

"መጀመሪያ ያንን አጥፋው።"

ጀማሉ ሄዶ ጄኔሬተሩን አጠፋው። ጋራዡ ጭር አለ። አስናቀው ቁልፉን ተጫነ።

"እንደምን ከረምህ፣ ወንድም ዓለም?" አለች አንዲት ሴት፤ ጥርት ባለ ድምፅ። ከዚያ ፀጥታ ሆነ። ጀማሉ ሽቦው የተነቀለ መስሎት እጁን ቢሰድ አስናቀው ያዘውና ወደ ቴፑ ጎንበስ አለ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እታለም።"

"እሰየው" አለች ሴትዮዋ። ጀማሉ እጁን ሰበሰበ።

ውዴ ናት፤ እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ። አገር ቤት፣ በለሳ ላይ አንድ ነጋዴ ቴፕ ደቅኖ ወንድምሽ ይሰማሻል ተናገሪ ቢላት፣ የሚሰማ ሰውማ ይመልሳል ብላ እየጠየቀች መልሱን ትጠብቃለች። ነጋዴው እውነቱን ሊነግራት አልጨከነም። ካሴቱ የመጣው አምና ነው። ከዚያ ወዲህ ከበለሳ መጥቶ አስናቀው ያልጠየቀው ስደተኛ የለም፤ ሁሉም አላየናትም ይሉታል፣ መሬት መሬት እያዩ።

ዝናብ ጣለላችሁ ወይ ትላለች፤ ይመልሳል። እህል ውሃው ተስማማህ ወይ ትላለች፤ ይመልሳል። "እኛ ደህና ነን፣ ለኛ አታስብ" ስትል ድምጿ ቸኮለ።

ሁልጊዜ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሌላውን ዋሽቶም ቢሆን ይመልስላታል፤ ለሚቀጥለው ጥያቄ ግን አንደበቱ አይታዘዝለትም። እሱ ዝም ባለበት እሷ "እሰየው" ስትል መስማት አይፈልግም። ጣቱን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ግን በእንግዳ ፊት የእህቱን ቃል መቁረጥ ነውር መሰለውና ተወው።

"ለመሆኑ አጠገብህ ሰው አለ ወይ?"

ካሴቱ ይዞራል። አስናቀው አንገቱን ደፋ።

ጀማሉ በአሲድ የተበሳሳ ሸሚዙን ሰብሰብ አድርጎ፣ ትልቅ ሰው ፊት እንደሚቀርብ ሰው ወደ ቴፑ ጎንበስ አለ።

"አለሁ፣ እትዬ" አለ። "ጀማሉ እባላለሁ።"

"እሰየው" አለች ውዴ።