የዘጠኝ ዓመት ልብ

በዚያ ክረምት ደሴ ላይ የሳንባ በሽታ ገባ። ዝናቡ አላባራም፤ ከየቤቱ አስከሬን ወጣ። ይመር ሊሞት ሲል፣ ሯጭ የነበረችው ታላቅ እህቱ እንጉዳይ በልምምድ ያጠነከረችውን የልብ ጉልበት ሰጠችው። በዚያ ዘመን ጉልበት ከሰው ወደ ሰው ይሻገር ነበር፤ ሰጪው ግን ባዶውን ይቀራል። እንጉዳይ ከአልጋዋ ተነስታ በሩ ጋ ለመድረስ መሀል ላይ በርጩማ ያስፈልጋት ጀመር።

የተቀበሉትን ጉልበት መልሶ መስጠት አይቻልም፤ የሚሰጠው በራስ ጥረት ያፈሩት ብቻ ነው። ስለዚህ ይመር በየማለዳው የጦሳን ተራራ ወጣ። በመጀመሪያው ዓመት እግሩ ጠነከረ፤ በሦስተኛው ትንፋሹ ረዘመ። በዘጠነኛው ዓመት ልቡ ረጋ ብሎ በኃይል ሲመታ ሐኪሙ ሰማና፣ «አሁን ደርሷል» አለው።

«እትዬ፣ ዕዳዬን ተቀበይኝ።»

«ላንተስ ምን ሊቀርህ?»

«በርጩማሽ።»

ከሐኪም ቤት በተመለሱ በሳምንቱ ጎረቤታቸው አባባ እንድሪስ ሊጠይቋቸው ገቡ። ይመር ሊነሳላቸው ሞክሮ ትንፋሽ አጠረው። እንጉዳይ ግን ብድግ አለች።

«ኖር!»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተቀምጣ የተቀበለቻቸው ሽማግሌ «በእግዜር» ማለቱ ጠፋቸው።

«ተቀመጪ እንጂ ልጄ» አሏት በመጨረሻ።

«አልቀመጥም!» አለች።

ይመር ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሳቀ።