የዓሣ ዘይት

ፀጉር ሠሪዋ የዓሣ ዘይቱን ጠርሙስ ገልብጣ የመጨረሻዋን ጠብታ መዳፏ ላይ አፈሰሰችና የአማቷን ራስ ማሸት ጀመረች። በሰርጓ ቀን እንኳ እጇን ሊጨብጡ ያልወደዱት እኚህ ሴት፣ ፀጉራቸው በሕመም ካለቀ ወዲህ በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ ራሳቸውን ይሰጧታል።

"ይሄ ሽታ የሰፈሩን ድመት ሁሉ ያስከትልብኛል" አሉ፣ እንደ ወትሮው እያጉረመረሙ።

ማሸት ከጀመረች ሦስት ወር ሆናት። ጣቶቿ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ የሚበቅል ፀጉር ቢኖር እስካሁን ይቆረቁራቸው ነበር። "እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ዘይቱ አልሠራም።"

"አውቃለሁ" አሉ አማትየዋ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "በየጠዋቱ እዳብሰው የለ? እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው።"

አፍራ እጇን ልታነሳ ስትል መዳፋቸውን ደረቡበት።

"ነገ ስትመጪ አዲስ ጠርሙስ ይዘሽ ነይ።"