እስኪናፍቀኝ

የኪትዌ ከተማው መምህር ካፓምባ አንድ ረጅም የቪዲዮ ጨዋታ ይጫወት ነበር፤ የጨዋታው አገር ዳርቻ የለውም፣ ተልዕኮውም አያልቅም። እንዳይሰለቸው ሲል ለራሱ ደንብ አወጣ፦ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ይጫወታል፤ ከዚያ በጨዋታው ውስጥ የሚመራውን ፈረሰኛ በእንግዳ ማረፊያ ያስተኛና የደረሰበትን በደብተር ይመዘግባል። ከሰለቸው ደግሞ እስኪናፍቀው ይተወዋል።

«የሙታሌ አባት፣ ልጅህን እኔ ላስተኛ፣ አንተ ፈረሰኛ አስተኛ!» ትለዋለች ሚስቱ ቺሉፍያ፣ ሕፃኗን እንዳዘለች።

ማክሰኞ ጠዋት ደብተሩ ላይ፣ በራሱ የእጅ ጽሕፈት፣ እሱ ያልጻፈውን ቃል አገኘ፦ «መምህሩን ለአንድ ሰዓት ትምህርት ቤት ወሰድሁት። ይበቃል፤ አስተኛሁት።»

«ትናንት ምን ሆኜ ነበር?» አላት።

«ረሳኸው እንዴ? አንድ ክፍል አስተምረህ መጣህና ተኛህ። ብጠራህ፣ ብነቀንቅህ፣ ወይ ፍንክች!»

ሊመልስላት ፈለገ። ነገር ግን ከነቃ አንድ ሰዓት ሞልቶ ነበርና እግሮቹ ወደ አልጋው ዞሩ። የበሩን መቃን ያዘ፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ለቀቁ።

ረቡዕ ደብተሩን የገለጠችው ቺሉፍያ ናት። «ሰለቸኝ» ይላል፤ «እስኪናፍቀኝ ልተወው።»

ያን ጊዜ ትታዘል የነበረችው ሙታሌ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባች። አባቷ አልነቃም።